የክለብ ባውንሰር ምን መማር አለበት? «ማን አይግባ» ከሚለው ውጪ ያለው ሥራ

የዛሬው ረዘም ይላል፣ ሴቭ አድርጉትና ሲመቻችሁ አንብቡት። በተለይ ባርና ክለብ በር ላይ የምትሠሩ ወይም አዲስ ቤት የከፈታችሁ ካላችሁ ጽሑፉ ለእናንተ ነው። ቅዳሜ ማታ ለምትወጡትም ግን ይጠቅማል።

መነሻዬ የራሴ ገጠመኝ ነው። የጓደኛችን ልደት ነበር፣ አምስት ሆነን ቦሌ አካባቢ አንድ ክለብ ሄድን። በሩ ላይ የቆመው ልጅ መዳፉን ደረቴ ላይ አሳርፎ «አንተ፣ ቁም» አለኝ። ቆምኩ። ከኋላችን የመጡ ሁለት ፈረንጆች በፈገግታ ገቡ። 20 ደቂቃ ከቆየን በኋላ «ሪዘርቭ ነው» ተባልን። ባለልደቷ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ያኔ የተናደድኩት በልጁ ነበር። በኋላ ለሥራ ከእንደሱ ዓይነት ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ሳወራ ንዴቴ አቅጣጫ ቀየረ። ሲቀጠሩ የተጠየቁት ቁመት፣ ትከሻና ተያዥ ነው። ሥልጠና የሚባለው ደግሞ የመጀመሪያው ማታ ላይ ማናጀሩ የሚነግራቸው ሁለት ነገር ነው፦ ማን እንዳይገባ፣ ማን ሳይከፍል እንዳይወጣ። በቃ።

እነዚህ ሁለት ትእዛዞች ብቻቸውን ሲሆኑ ሰው ይገድላሉ። እያጋነንኩ አይደለም።

ሁለት ሌሊቶች

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2013፣ ብራዚል፣ ሳንታ ማሪያ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ። ክለቡ «ኪስ» ይባላል (መሳም ማለት ነው እንጂ የኛ ኪስ አይደለም)። መድረክ ላይ ያለው ባንድ ርችት ለኮሰ፣ እሳቱ ጣሪያው ላይ ለድምፅ ተብሎ የተለጠፈውን ስፖንጅ ያዘው። ከስፖንጁ የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነበር። ቤቱ መግቢያም መውጫም የሆነ አንድ ዋና በር ብቻ ነው ያለው። አከፋፈሉ ደግሞ እንዲህ ነው፦ የጠጣኸው ካርድ ላይ ይመዘገባል፣ ስትወጣ በሩ ጋ ትከፍላለህ።

እሳቱን ያላዩት በሩ ላይ የቆሙት ጥበቃዎች ሰው እየሮጠ ሲመጣባቸው ሒሳብ ሳይከፍል ሊያመልጥ መሰላቸው። መጀመሪያ ላይ መንገድ ዘጉ። ነገሩ እስኪገባቸው ድረስ ያለፈው ጊዜ አጭር ነው፣ ጭስ ግን አይጠብቅም። 242 ሰው ሞተ፣ አብዛኛው ወጣት። ብዙዎቹ የተገኙት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው፣ በጨለማና በጭስ መሃል መውጫ መስሏቸው የገቡ ናቸው።

ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2003፣ አሜሪካ ቺካጎ ውስጥ «ኢ2» የሚባል ፎቅ ላይ ያለ ክለብ ውስጥ ጠብ ተነሳ። ጥበቃዎቹ ለመገላገል ፔፐር ስፕሬይ ነፉ። ሳልና ጩኸት ሲበዛ ያላየው ሰው ሌላ ጥቃት መሰለውና ወደ ደረጃው ሮጠ። 21 ሰው ደረጃው ላይ ተደራርቦ ሞተ። ጠቡ ራሱ የገደለው ሰው የለም።

ሁለቱም ጋ ጥበቃዎቹ ያደረጉት ነገር በአዘቦት ማታ ቢሆን «ጎበዝ» የሚያስብል ነበር። አንዱ በር ያዘ፣ ሌላው ጠብ በተነ። የጎደለው ጉልበት አይደለም። ለዚህ ነው «እንግዳ አክባሪ ጥበቃ» የሚለው ሥልጠና የፈገግታ ትምህርት ብቻ የሚመስላቸው ባለቤቶች የሚያናድዱኝ። ደንበኛውን እንደ ሌባ ማየት የለመደ ሰው በክፉ ቀንም የሚያየው ሌባ ነው።

በነገራችን ላይ ባውንሰሩን «በረኛ» ስል ኳስ ትዝ ያላችሁ ካላችሁ ልክ ናችሁ። የኳሱ በረኛ ሥራው የመጣውን ሁሉ መመለስ ነው። የክለቡ ግን ከሚመልሰው የሚያስገባው ይበልጣል።

መጀመሪያ አፍ

አማርኛ በር ላይ አስቸጋሪ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሁሉንም «ዩ» ብሎ ይገላገላል። እኛ ጋ አፍህን ስትከፍት አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ከሚሉት አንዱን መምረጥ አለብህ፣ ያውም በአንድ ሰከንድ፣ በጨለማ። 50 ዓመት የሞላውን ሰው «አንተ» ካልከው ማታው ገና ሳይጀመር ተበላሸ። የ24 ዓመቱን ልጅ «እርስዎ» ብትለው ደግሞ ሽሙጥ ይመስለዋል።

ጥሩ ባውንሰሮች ይህን የሚያልፉበት መንገድ አላቸው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሆኖ ለመጣ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፦ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ስንት ናችሁ?» ብዙ ቁጥር ሁሉንም ያከብራል። ብቻውን ለመጣ ወጣት «ወንድሜ፣ እንዴት አመሸህ» ይበቃል። ጠና ላለ ሰው «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ»። ሴት ከሆነች «እህቴ»። ጠና ላለች ሴት «እርስዎ» ብቻ በቂ ነው፣ «እትዬ» አትበሏት፣ ክለብ ውስጥ እትዬ መባል የሚፈልግ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። «የኔ ቆንጆ»፣ «ማሬ»፣ «ቤቢ» ደግሞ በሩ ላይ ቦታ የላቸውም። የሚናገረው ልጅ ክፋት ላይኖረው ይችላል፣ እሷ ግን ውስጥ ችግር ቢገጥማት ወደሱ እንዳትመጣ እያደረጋት ነው።

ቀጥሎ ትእዛዝን ወደ ጥያቄ መቀየር ነው። «ቁም» የሚለው «አንዴ ይቅርታ ወንድሜ» ይሆናል። «ቦርሳ ክፈቺ» የሚለው «ቦርሳሽን ከፍተሽ ታሳዪኛለሽ?» ይሆናል። መልእክቱ ያው ነው፣ አንድም ሳይፈተሽ የሚያልፍ ሰው የለም። የሚቀየረው የሰውየው ምላሽ ነው። ተለምኖ የከፈተ ሰው ተረድቶህ ይገባል፣ ታዝዞ የከፈተ ግን ውስጥ ገብቶ ለመጀመሪያው አስተናጋጅ ንዴቱን ያወርሰዋል።

እጅም ይናገራል። ጣት አይቀሰርም፣ ደረት አይነካም። መዳፍ ተከፍቶ ዝቅ ብሎ ይታያል። ፊት ለፊት ተጋፍጦ ከመቆም ትንሽ ጎን ሰጥቶ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቆ መቆም ለሁለቱም ይጠቅማል፦ እንግዳው አይጨናነቅም፣ ጥበቃውም ድንገት ቡጢ ቢሰነዘር ጊዜ ያገኛል። ስፒከር አጠገብ ማስረዳት የሚባል ነገር የለም። እዚያ የሚነገር ሁሉ ጩኸት ነው፣ ጩኸት ደግሞ ስድብ ይመስላል። ሰውየውን ሙዚቃው ወደቀነሰበት ይዞት መሄድ ግማሹ ሥራ ነው።

ፍተሻ

አጭር ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ሰው አካሉና ንብረቱ እንዳይፈተሽ ያለውን መብት ይጠብቃል። ስለዚህ በር ላይ የሚደረገው ፍተሻ ፈቃድ ነው። እንግዳው «አልፈተሽም» ካለ ቤቱ «እንግዲያው ማስገባት አንችልም» ማለት ይችላል፣ በግድ ኪስ መግባት ግን አይችልም። ሴትን የምትፈትሽ ሴት ናት። ሴት ፈታሽ የሌለው ቤት የእጅ ብረት መመርመሪያ ይጠቀም፣ ቦርሳውንም ባለቤቷ ራሷ ትክፈት። ፈታሹ እጁን ቦርሳ ውስጥ ባይከት ለራሱም ይሻላል፣ ነገ «ብር ጠፋኝ» ሲባል የሚጠየቀው እሱ ነው።

«አይቻልም» ማለት

ጥበቃ ሁልጊዜ «እሺ» አይልም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ያው አዋጅ በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስንም ይከለክላል። እነዚህን የማስከበሩ ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በሩ ላይ ያለው ልጅ ላይ ነው። መታወቂያ ሲጠየቅ የሚቀየም ሰው አለ። «ከ25 በታች ለሚመስል ሁሉ እንጠይቃለን፣ የቤቱ ደንብ ነው» ብትለው ግን የተለየበት አይመስለውም፣ እንደውም ደስ ይለዋል።

የሰከረን ሰው መመለስ ግን ሌላ ነው። ትልቁ ስህተት በጓደኞቹ ፊት መንገር ነው። ሰው ፊት የተዋረደ ወንድ የሚጣላው ስለ መጠጡ አይደለም፣ ስለ ስሙ ነው። ለብቻው ወደ ጎን ውሰደው፣ ካልሆነ ከመሃላቸው ያልሰከረውን ጓደኛ ፈልገህ ለሱ ንገረው። ምክንያቱን አንዴ በግልጽ ተናገር፣ አማራጭ ስጠው፦ ውሃ፣ መቀመጫ፣ ራይድ ወይም ፈረስ ተጠርቶ እስኪመጣ ሙቅ ቦታ መቆም። ከዚያ ቢሳደብም ይሳደብ። የመጨረሻውን ቃል ለሱ ተውለት። አንተ የምትፈልገው እንዲሄድ ነው፣ ክርክሩን እንድታሸንፍ አይደለም።

«ሪዘርቭ ነው» የሚለው ውሸት ደግሞ ቢቀር ደስ ይለኛል። ባዶ ወንበር በበሩ ክፍተት እየታየ «ሞልቷል» ማለት ሰውን ሁለት ጊዜ መስደብ ነው። ጫማ የሚከለከል ከሆነ በሩ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ለሐበሻም ለፈረንጅም እኩል ይሥራ። ቤቱ እውነት ሞልቶ ከሆነ ስንት ደቂቃ እንደሚያስጠብቅ ይነገር። እኛን ያን ቀን «40 ደቂቃ ይፈጃል» ብሎን ቢሆን ሌላ ቦታ ሄደን ኬኩን እንቆርስ ነበር።

እጅ ሲነሳ

ባውንሰር የፖሊስ ሥልጣን የለውም። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ወንጀለኛን ይዞ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ይቻላል። መምታት ግን ከዚያ ውስጥ የለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላን ሰው መከላከልን የሚፈቅደው ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ሲሆን፣ ሌላ መንገድ ከሌለ፣ ያውም ከጥቃቱ ጋር በተመጣጠነ መንገድ ነው። ሰውየው ከወደቀ በኋላ የሚጨመረው ካልቾ መከላከል አይባልም።

ሥልጠና ላይ በደንብ ሊነገሩ የሚገቡ ሁለት የሞት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ሰውን በሆዱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ መቀመጥ ነው። የሰከረ፣ ያለከለከ ሰው ደረቱ ሲጫን መተንፈስ ያቅተዋል። «መተንፈስ አልቻልኩም» ሲል እያስመሰለ ይመስላል፣ ዝም ሲል የተረጋጋ ይመስላል። መያዝ ግድ ከሆነ ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ ወዲያው በጎኑ ማዞር ወይም ማስቀመጥ። አንገት ማነቅ ጭራሽ የለም።

ሁለተኛው አንድ ቡጢ ነው። ዴቪድ ሁክስ የሚባል የቀድሞ የአውስትራሊያ ክሪኬት ተጫዋች በጃንዋሪ 2004 ሜልቦርን ውስጥ ከአንድ ሆቴል ውጪ ከጥበቃ ጋር ተጋጭቶ ተመታ፣ ወድቆ ጭንቅላቱ መሬት መታው፣ በማግስቱ ሞተ። ጥበቃው ተከሶ በ2005 ነጻ ወጥቷል። ግን አስቡት፣ አንድ ማታ ሥራ ገብተህ ከዚያ በኋላ ያለው ዓመትህ በሙሉ ፍርድ ቤት ነው። አልኮል የጠጣ ሰው ሲወድቅ እጁን አስቀድሞ አይደገፍም፣ አስፋልቱን የሚያገኘው ጭንቅላቱ ነው።

ሴቶች

እ.ኤ.አ. በ2016 እንግሊዝ ሊንከንሻየር ውስጥ አንድ ዘመቻ ተጀመረ። አብሯት ያለው ሰው ያስፈራት ሴት ባንኮኒው ጋ ሄዳ «አንጄላ አለች?» ብላ ትጠይቃለች። ሠራተኛው ይገባዋል፣ ሳያስታውቅ ያስወጣታል ወይም ታክሲ ይጠራላታል። ዘዴው ወደ ብዙ አገር ሄዷል። ችግሩ ፖስተር መለጠፍ ቀላል መሆኑ ነው። የቢቢሲ ጋዜጠኞች ለንደን ውስጥ ደንበኛ መስለው ሲሞክሩት በርካታ ቤቶች ውስጥ ሠራተኛው ምን እየተባለ እንደሆነ አልገባውም።

እኛ ጋ ኮድ ባይኖርም በሩ ላይ አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል። ሰክራ መቆም ያቃታትን ልጅ አንድ ወንድ ደግፎ ሊያስወጣት ሲል «ጓደኛዋ ነኝ» ማለቱ አይበቃም። እሷን ስሙን ጠይቋት። እሱን የእሷን ስምና አብራ የመጣችው ከማን ጋር እንደሆነ ጠይቁት። ጓደኞቿ ውስጥ ካሉ ይጠሩ። እውነተኛ ጓደኛ ከሆነ ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ይቀየማል።

ከሰከረ ሰው ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር፦ የተኛን ሰካራም በጀርባው አታስተኙት፣ ቢያስመልሰው ይታፈናል። በጎኑ አድርጉት፣ ብቻውን አትተዉት። ቢቀሰቅሱት የማይነቃ ከሆነ ወይም አተነፋፈሱ ከዘገየ ቡናና ሎሚ ለመፈለግ ጊዜ አታጥፉ፣ 907 ደውሉ።

ሒሳብና መውጫ

አሁን ወደ ሳንታ ማሪያው በር ልመልሳችሁ። እኛ ጋም ሒሳብ ያልከፈለ እንዳይወጣ ብሎ በር መያዝ የተለመደ ነው። ቴሌብር ኔትወርክ ጠፍቶበት፣ ብሩ ከሱ ሄዶ ቤቱ ጋ ሳይደርስ በሩ ላይ የተያዘ ሰው ያላየ ማን አለ? «ስልክህን አስይዝ» ማለትም አለ። ይህ የጥበቃ ሥራ መሆን የለበትም። ሒሳብ የሚዘጋው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ጭቅጭቁም የማናጀሩ ነው። በሩ ላይ ያለው ልጅ ከሒሳብ ነጻ ከሆነ ሰው ሲሮጥ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ይሆናል።

ደንቡ አንድ መስመር ነው፦ እሳት፣ ጭስ ወይም ድንጋጤ ካለ በሩ ይከፈታል፣ ሒሳብ ይረሳል። ይህንን ባለቤቱ ራሱ በአፉ ለጥበቃዎቹ መናገር አለበት፣ ካልሆነ የጎደለው ሒሳብ ከደሞዛቸው የሚቆረጥ ይመስላቸዋል። (አንዳንድ ቦታ በእርግጥ ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ በር ለምን ያዝክ ብሎ መጠየቅ አይቻልም።)

ቀሪው ልምምድ ነው። ቤቱ ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱ ጥበቃ ሁለተኛውን መውጫ በእግሩ ሄዶ ከፍቶ ይየው። የኋላው በር በሰንሰለት ታስሮ ቁልፉ ማናጀሩ ኪስ ውስጥ ከሆነ መውጫ የሚባል ነገር የለም። ሙዚቃ የሚያጠፋው ማን ነው? መብራት የሚያበራውስ? ሰው አደጋ መኖሩን የሚያምነው ሙዚቃው ሲቆም ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ቁጥር 939 ነው፣ ሁሉም ስልክ ላይ ይመዝገብ።

ሥልጠናው እንዴት ይሰጥ?

እንግሊዝ ውስጥ በ2001 የወጣ ሕግ አለ። ከዚያ ወዲህ ክለብ በር ላይ ያለ ፈቃድ መቆም ወንጀል ነው። ፈቃዱን ለማግኘት የግጭት አያያዝ አንድ ኮርስ ነው፣ አካል ሳይጎዱ መያዝ ሌላ ኮርስ ነው፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳይማሩ ኮርሱን መጀመር አይቻልም። ፈቃዱ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። አሠልጣኝ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ባለቤት ይህን ቅደም ተከተል ቢገለብጠው ችግር የለውም።

ትምህርቱ ግን በፓወርፖይንት አይሆንም። አስተናጋጁ ሰካራም ሆኖ ይጫወት፣ ካሸሯ የተናደደች ደንበኛ ትሁን፣ ባውንሰሩ ይመልስ። መጀመሪያ ይሳቃል፣ ሦስተኛው ላይ ሰው መማር ይጀምራል። ከዚያ በየማታው ከመከፈቱ በፊት 10 ደቂቃ፦ ትናንት ምን ተፈጠረ፣ ዛሬ ምን ፕሮግራም አለ፣ ማን የት ይቆማል።

ባለቤቶች መስማት የማይፈልጉትም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ ቆሞ በጉርሻ የሚኖር ልጅ በሩን የሚከፍተው ለሚጎርሰው ነው። ፈገግ በል ስላሉት አይቀየርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ወንበር፣ ውሃ፣ ተራ በተራ እረፍት፣ ንጋት ላይ ወደ ቤት መሸኛ መኪና። ከዚህ በኋላ ነው ስለ አማርኛው የሚወራው።

እናንተስ በር ላይ ችግር ቢገጥማችሁ?

እዚያው አትከራከሩ፣ ማናጀር ይጠራ በሉ። ሰዓቱን፣ የቤቱን ስምና ባውንሰሩ ባጅ ካለው ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ከተመታችሁ ፖሊስ 991 ነው፣ በዚያው ሌሊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ታዩ፣ ወረቀቱንም ያዙ። ገብታችሁ ከተቀመጣችሁ ደግሞ መጀመሪያ ከገባችሁበት ሌላ መውጫ የት እንዳለ እዩ። አስተናጋጁን ብትጠይቁት አያፍርባችሁም። መልስ ካጣ እኔ ብሆን ሌላ ቤት እሄዳለሁ።